ግልባጭ፡- ለወላጅ እናት

እንደ ልብ ወለድ ተነቦ፣ እንደ ልብ ወለድ ሂስ ሊቀርብበት ሲገባ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለን፤ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ፋይል። ባለታሪክ አለው፣ መቼት አለው፣ ሴራም አለው (ሴራ በሁለቱም ትርጉሙ)። ደራሲዎቹ ብዙ ናቸው፤ ከቀበሌ ሊቀመንበር እስከ አሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረስ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ እንዳይወስድ ከከለከለ ወዲህ አዲስ ፋይል አይከፈትም። የተከፈቱት ግን አልተዘጉም። እንዲያውም ዋነኞቹ አንባቢዎቻቸው ማንበብ የጀመሩት ገና አሁን ነው፤ በፋይሉ ውስጥ «ሕፃኑ» እና «ሕፃኗ» ተብለው የተጻፉት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

እኔ ፋይሉን ላነብ የቻልኩት ልደታ አካባቢ የትርጉም ቢሮ በነበረው አንድ ወዳጄ ምክንያት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ስሞቹንና አድራሻዎቹን በወረቀት ሸፍኖ አንዱን ከዳር እስከ ዳር አስነበበኝ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም አይቻለሁ። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ማለት ይቻላል፤ ቅርጹ አንድ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን።

ወፍራሙ ከውጭ የመጣው ነው። ባልና ሚስቱ የተወለዱበትና የተጋቡበት ማስረጃ፣ የሐኪም ምርመራ፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የአሠሪ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የጎረቤትና የወዳጅ ምስክርነት፣ የቤቱ ፎቶግራፍ ከነጓሮው። ከሁሉም የሚረዝመው «የቤት ጥናት» የሚባለው ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየሄደች ልጅነታቸው እንዴት እንዳለፈ፣ ሲጣሉ እንዴት እንደሚታረቁ፣ ልጅ ሲያጠፋ በምን እንደሚቀጡ ትጠይቃለች፤ ትጽፋለች። አንብባችሁ ስትጨርሱ ሰዎቹን የምታውቋቸው ያህል ይሰማችኋል። ባልየው አባቱን በስንት ዓመቱ እንዳጣ፣ ሚስትየዋ ስንት ጊዜ እንዳስወረዳት ሳይቀር ተጽፏል። ከዚያ እያንዳንዱ ወረቀት ማኅተም ፍለጋ መንገድ ይጀምራል። ከውል አዋዋይ ወደ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ዋሽንግተን ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ እንደ አዲስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ይሰለፋል፤ ትርጉም ቢሮ ይገባል፤ ወደ ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት። ወጪው ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር ያልፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። በጊዜው አሠራር የጣት አሻራ በ15 ወር ይቃጠላል፤ «አይ-600ኤ» በሚባለው ቅጽ የሚገኘው ፈቃድ በ18 ወር ያልቃል። የኛ ፍርድ ቤት ደግሞ ነሐሴ ሲገባ ለክረምት ይዘጋል፤ ችሎት የሚከፈተው መስከረም አልቆ ነው። የሐምሌ መጨረሻ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው አሻራው እየተቃጠለ ክረምቱን ቁጭ ብሎ ማሳለፍ ነበረበት። ከ2002 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ ባልና ሚስት ሁለቱም በአካል ችሎት እንዲቀርቡ ሲወሰን ጉዞው ሁለት ሆነ። ይህ ማለት መጀመሪያ መጥተው ልጁን ያቅፋሉ፣ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ፣ ከዚያ ልጁን እዚያው ትተው አገራቸው ተመልሰው ቪዛ ይጠብቃሉ። በዚያ ሰሞን ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቁርስ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ባልና ሚስት አየሁ። ሴትየዋ ዳቦውን ትቆርሳለች እንጂ አትበላም። ባልየው ዝም ብሎ የሕፃን ካልሲ በጣቱ ላይ ያጠልቃል፣ ያወልቃል። በዚያ ማታ ነበር በረራቸው። በዚህ አልቀልድም። ልጅ ለማሳደግ ብሎ ሁለት ዓመት ወረቀት ሲገፋ የኖረ ሰው ሥቃዩ ሥቃይ ነው።

እኛ ለዚህ ነገር የራሳችን ቃል አለን፤ ደጅ ጥናት። ፈረንጆቹ ቃሉን ሳያውቁት ግብሩን ተማሩት። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ ከታች አልወጣም»፣ «ነገ ይምጡ» የሚሉትን ነገሮች በወኪሎቻቸው በኩል በእንግሊዝኛ ተተርጉመው ሰሟቸው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲደርስ ይኸው ደጅ ጥናት ጣሪያ ነካ። ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 ያየው የነበረውን ጉዳይ ከአምስት በላይ አላይም አለ። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መሆኑ ነው፣ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ከቻይና ቀጥሎ ሁለተኞች ነበርን። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ2005፣ ቁጥሩ አምስት መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። አንዲት ዝነኛ የሆሊዉድ ተዋናይት አንዲት ሕፃን ይዛ የሄደችው በዚያው በ2005 ነው። የሷ ፎቶግራፍ ስንት ሰው ወደኛ እንዳመጣ መቁጠር አይቻልም፤ አምጥቷል ማለት ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ሂሱ ልግባ። የነዚህ ሰዎች ጥበቃ ቋንቋ አለው። እያንዳንዱ ደረጃ ስም ወጥቶለታል፤ ዶሴ፣ ሪፈራል፣ ችሎት፣ ኤምባሲ። ሪፈራል ማለት ልጁ ታጭቶላችሁ ፎቶው የደረሳችሁ ቀን ነው፤ ያን ቀን እንደ ልደት የሚያከብሩት አሉ። ጠቅላላ ጥበቃውን ደግሞ «የወረቀት እርግዝና» ይሉታል። በአማርኛ ሳስበው ይጎረብጠኛል። ቃሉን ያወጣው ሰው ክፉ አይደለም፤ ጓጉቶ ነው። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እርግዝና አንዴ ተፈጽሟል። ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ ምናልባት ጎጆ ውስጥ በልምድ አዋላጅ የተገላገለች ሴት አለች። እርግዝናውን ለወረቀት ከሰጣችሁት ለሷ የሚቀራት ምን ዓይነት ስም ነው? የፋይሉ ቀጭን ክፍል የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቀጭኑ ክፍል የኛ ነው። ብዙውን ጊዜ ዋናው ሰነድ አንድ ገጽ የቀበሌ ደብዳቤ ነው። እንደነዚህ ያሉ ደብዳቤዎችን ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ፡- ማስረጃ ስለመስጠት»። ቀጥሎ ወይዘሮ እገሊት የቀበሌያችን ነዋሪ ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው በሕመም ምክንያት በሞት የተለዩ መሆኑን፣ ልጃቸውን ለማሳደግ አቅም የሌላቸው መሆኑን በሦስት ምስክሮች አረጋግጠን ይህን ደብዳቤ ሰጥተናቸዋል። ከሰላምታ ጋር። ክብ ማኅተም። በቃ። ባልየው በምን ሕመም ሞተ? መቼ? የት ተቀበረ? ሌላ ልጅ አለ? አያት አለች? አክስት አለች? «አቅም የለም» ማለት ስንት ነው፤ የወር ስንት ብር ቢሰጣት አቅም ይኖራት ነበር? የአሜሪካዊቷ ውርጃ ተቆጥሮ በተጻፈበት ፋይል ውስጥ የከምባታዋ ሴት ዕድሜ እንኳ «በግምት» ነው።

እንግዲህ ይህ የቀበሌው ጸሐፊ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባለፍኩት። ግን ደብዳቤው የተጻፈው ለማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ ነገሩ ይገለጣል። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱም ወላጆች በሕይወት እያሉ እንኳ ከፈቀዱ ልጃቸው በጉዲፈቻ ሊሰጥ እንደሚችል ይቀበላል። የአሜሪካ ሕግ ግን ልጁ ቪዛ እንዲያገኝ «ወላጅ አልባ» ከሚለው ትርጉም ውስጥ እንዲገባ ይፈልጋል። ወላጆቹ ሞተው፣ ጥለውት ሄደው ወይም ጠፍተው፣ አለዚያም አንድ ብቻ ቀርቶ እሱም ማሳደግ አቅቶት በጽሑፍ ለዘለቄታው የለቀቀው መሆን አለበት። አባትና እናት ተጋብተው በአንድ ጎጆ እየኖሩ፣ ድህነት ስላሸነፋቸው ብቻ ልጃቸውን ቢሰጡ፣ ልጁ በዚያ መንገድ አይገባም። እንግዲያው ቅጹ ታሪኩን አዘዘው። በአንዳንድ ፋይል አባት ሞተ፤ በአንዳንዱ «የት እንዳለ አይታወቅም» ሆነ። እውነትም የሞቱ፣ እውነትም የጠፉ ሞልተዋል፤ ኤች አይ ቪ ቤት የዘጋበት ዘመን ነበርና። ግን ከዓመታት በኋላ ልጁ ሲመጣ «ሟቹ» አባት በር ላይ ቆሞ የተቀበለበት አጋጣሚ ተረት አይደለም፤ ያገኟቸው ልጆች ራሳቸው በአደባባይ የተናገሩት ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የድርሰቱ ዓይነት የባለታሪኩን ዕጣ አስቀድሞ ይወስናል። እዚህ ግን ባለታሪኩ መታወቂያ ያለው ሰው ነው።

ሌላው ደግሞ ውሉ ነው። ጉዲፈቻ በሕጋችን ስምምነት ነው፤ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ባየኋቸው ፋይሎች ውስጥ ስምምነቱን የሚፈርሙት በአንድ ወገን የሕፃናት ማሳደጊያው፣ በሌላው ወገን ደግሞ የአሳዳጊዎቹ ወኪል የሆነው ድርጅት ነው። እናትየዋ ቀደም ብላ ለማሳደጊያው ስላስረከበች በውሉ ላይ ተዋዋይ አይደለችም። ችሎት ቀርባ «አዎ፣ ፈቅጃለሁ» ትላለች። ሕጉ ዳኛውን ልጁ አገሩ ውስጥ የሚያድግበት ዕድል መኖር አለመኖሩን እንዲያይ ያዘው ነበር፤ ሚኒስቴሩን ደግሞ የአሳዳጊውን ኑሮ መርምሮ አስተያየት እንዲሰጥ። የአሳዳጊው ኑሮ ተመርምሯል፤ ወፍራሙ ክፍል ይመሰክራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ አገናኝ ድርጅት ሰዎችን የኢትዮጵያን ጉዲፈቻ በተመለከተ ከሰሰ። ከክሱ ፍሬ ነገር አንዱ፣ ልጆቹ ኖረውበት የማያውቁት ማሳደጊያ «ልጆቹን ሰጠሁ» ብሎ የፈረመበት ውል መቅረቡ ነበር። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ወፍራሙም ክፍል ቢሆን እንከን የለሽ ነው ለማለት አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ቤት ሞተች፤ በ2013 ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። እሷም በወረቀት መንገድ የሄደች ልጅ ነበረች።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያብሰለስለኝ አንድ ቃል ነው። ጉዲፈቻ። ቃሉ የኦሮሞ ነው፤ ሕግ አርቃቂዎች በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አስገቡት፣ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ቀጠለ። በባህሉ ጉዲፈቻ ሲባል ልጁ የማን እንደነበር አይደበቅም፤ የወለደውም ያሳደገውም ቤት ይተዋወቃል፤ ዝምድና ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። የቤተሰብ ሕጉም ይህን አልጣለውም። አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ ሁለቱ ቤቶች በተጋጩ ጊዜ ግን የአሳዳጊው እንደሚበልጥ ይናገራል። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርስ ቃሉ «አዶፕሽን» ይሆናል። አሜሪካን አገር አዶፕሽን ማለት በሕግ ፊት የድሮው ቤት ተዘግቶ አዲሱ ብቻ ሲቀር ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀት ሳይቀር በአሳዳጊዎቹ ስም እንደ አዲስ ይወጣል። ወዳጄ ይህን ቃል በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተርጉሞታል፤ ሌላ ቃል ደግሞ የለም። ስለዚህ ሁለት ወገኖች በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ፈረሙ። አንደኛው ልጅ ተሰጠኝ አለ፤ ሌላኛዋ ልጄን ባዕድ ቤት አስቀመጥኩ፣ ተምራ ትመጣለች አለች።

ወዳጄ የነገረኝን ላውጋችሁ። ከማሳደጊያው ጉዳይ አስፈጻሚ ጋር ከደቡብ የመጣች ሴት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ወረቀት እስኪያልቅ ቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አማርኛ ትሞክራለች። ጉዳይ አስፈጻሚው ኮፒ ሊያስነሳ ሲወጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ መቼ ትመጣለች ይላል?»

«ማን?»

«ልጄ ናታ።»

«እህቴ፣ እዚህ ላይ እኮ...» ብሎ ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ አነበበላት፤ የወላጅነት መብቴን ሙሉ በሙሉ እና ለዘለቄታው የለቀቅኩ መሆኔን፣ የሚለውን።

«እሱማ ነግረውኛል» አለችው። «አሁን አይደለም የምለው። ስታድግ ነው።»

ሰውየው ከዚያ ወዲያ ምን ይበል? ተርጓሚ ነው፤ ዳኛ አይደለም። ጉዳይ አስፈጻሚው ተመልሶ መጣ፣ ፈረመች (ጣቷን ነው)፣ ሄዱ። በፍርድ ቤትም ያው ነው። ዳኛዋ «የፈረምሽው ገብቶሻል?» ይላሉ፤ «ገብቶኛል» ትላለች። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። ውሸት የለበትም፤ ገብቷታል። የገባት ነገር ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም።

ስትጠብቅ የምትኖረው ደግሞ በአየር ላይ ተመርኩዛ አልነበረም። መንግሥትም ቃል አስገብቷል። አሳዳጊዎች ልጁን በወሰዱ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠየቁ ነበር። ሪፖርቱ ከነፎቶግራፉ ይመጣል። ቁመት፣ ክብደት፣ ትምህርት ቤት፣ ጥርስ። የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚመጣው በድርጅቱ በኩል ለመሥሪያ ቤት ነው። ባየኋቸው ሽኚ ደብዳቤዎች ግርጌ «ግልባጭ» የሚለውን ዝርዝር ፈልጌ አንብቤያለሁ። ለሕግ ክፍል፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለእገሌ ድርጅት። ለወላጅ እናት የሚል አላየሁም። እኛ እኮ ግልባጭ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ የአንድ ወንበር ዝውውር ለአምስት ቢሮ እናስታውቃለን። ከዱራሜ፣ ከሆሳዕና፣ ከሶዶ ተሳፍረው «ፎቶ መጥቷል ወይ?» እያሉ የማሳደጊያ በር ያንኳኩ የነበሩት እናቶች ጥበቃ እንደ ፈረንጆቹ ደረጃ የለውም፣ ስም የለውም፣ የሚቃጠል አሻራ የለውም። ማለቂያው ስለማይታወቅ ልጠብቅ ልተው የሚባልም አይደለም።

የዴንማርኳ ፊልም ሠሪ ካትሪን ሪስ ኬር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው «መርሲ መርሲ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ጥበቃ በካሜራ ከያዙት ጥቂቶች አንዱ ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ባልና ሚስት ብዙ አንኖርም ብለው ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን ለዴንማርክ ቤተሰብ ይሰጣሉ። መድኃኒቱ መጣ፤ ሞት ቀረ። ልጆቹ ግን ሄደዋል። አባትና እናት ዜና ፍለጋ ደጅ ሲጠኑ ዓመታት ያልፋሉ፤ እዚያ ማዶ ደግሞ ትልቋ ልጅ ከአሳዳጊዎቿ ቤት ወጥታ ሕፃናት ማቆያ ትገባለች። ፊልሙ ዴንማርክን አነጋገረ፤ አብዛኛው ንግግር አሳዳጊዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው አይደሉም የሚል ነበር። እኔ ፊልሙን የምወቅሰው ቢኖር አሳዳጊዎቹን በቅርበት ሲያይ፣ በመካከል ያሉትን ቢሮዎች በሩቁ ማየቱ ነው። ለወቀሳ የሚመቸው ፊት ያለው ሰው ነው፤ ማኅተም ፊት የለውም።

«ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ልጆቹ ይሙቱ?» የሚለኝ አንባቢ አለ፤ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሞግቶኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ማሳደጊያ ውስጥ አንዲት ሞግዚት ለአሥር ሕፃን ጡጦ ስታዞር ያየ ሰው ስለ መርሕ ማውራት ያሳፍረዋል። በዚያ መንገድ ሄደው ጤናማ ቤት የገቡ፣ ዛሬ አማርኛ ለመማር የሚታገሉ፣ እናቶቻቸውን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ሆነው የሚጎበኙ ልጆች አሉ። ይህን የማይቀበል ክርክር አልወድም። ለዚህ አንባቢ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ለአንድ ልጅ ጉዞ ከ20,000 ዶላር በላይ ማግኘት የቻለ ሥርዓት፣ የዚያን ልጅ እናት ጎጆ የሚያቆም መቶ ዶላር ማን ጋ እንደሚጠየቅ የሚያመለክት አንድ ቅጽ እንዴት አጣ? ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ «ልጅሽን እዚሁ ለማሳደግ ምን ይጎድልሻል?» የሚል መጠይቅ አላየሁም።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ፍጥነቱን ሲቀንስ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን ያኔም ዛሬም ጭብጨባው አልገባኝም። በቀን 50 ፋይል ማየት ማንበብ አይደለም፤ እሺ። በቀን አምስት ማየት ግን በራሱ ማንበብ ነው ወይ? ያው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ስለተኛ እውነት አይወጣውም። ቀበሌው ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ጎረቤት የሚጠይቅ፣ አያት የሚፈልግ። ሰው ካልሄደ የዘገየው ቀን የሚቆረጠው ከልጁ ዕድሜ ላይ ነው። ሪፈራል ሲወጣ ስድስት ወር የነበረች ሕፃን ቪዛ ስታገኝ መራመድ ጀምራለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከእናቷ ጋርም ከአሳዳጊዎቿ ጋርም አልነበረችም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስተኛዋ ጠባቂ እሷ ናት፤ የሚጠበቅ ነገር መኖሩን እንኳ ሳታውቅ።

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ሥራው ታገደ፤ በ2010 ጥር በሕግ ተዘጋ። በመካከል ላይ የነበሩ ሰዎች ያን ሰሞን ያሳለፉትን ጭንቀት እዚህ አልዘረዝርም። የክልከላው ክርክር በአገር ክብርና በማንነት ቋንቋ ነበር የተካሄደው። ልጆቻችን የማንነት ቀውስ ይገጥማቸዋል ተባለ፤ እውነት ነው። ግን የማንነት ጥያቄ መልሱ ያለው የት ነው? እኛው መዝገብ ቤት። አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደዋል፤ ስፔን፣ ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጅግ ያሉት ሳይቆጠሩ። እያንዳንዳቸው ወፍራሙን ክፍል ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አለላቸው። የሚፈልጉት ቀጭኑን ነው፤ ምስክሮቹ እነማን ነበሩ፣ ደብዳቤውን ማን አጻፈው፣ ቀበሌው ዛሬ ስሙ ማን ተብሏል። ብዙዎቹ ማሳደጊያዎች ተዘግተዋል። የነሱ ፋይል የት ገባ? ለማንስ ማመልከቻ ይጻፋል? «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የሚታወቅ የበጎ ፈቃደኞች መረጃ ቋት የወላጆችንና የልጆችን ስም እያመሳከረ ያገናኛል፤ የምራቅ ናሙና ልከው ዘመድ ያገኙም አሉ። አንድ ባለ መሥሪያ ቤት በአንድ መስኮት ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ግለሰቦች በምራቅ እየሠሩት ነው። ክልከላውን ያወጀው ምክር ቤት መዝገቡ ይሰብሰብ፣ ለባለቤቱ ይከፈት፣ የመጡት ሪፖርቶች ለወላጆች ይተርጎሙ የሚል ሌላ ውሳኔ ቢያሳልፍ እላለሁ። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም። ቁም ሣጥን፣ ቁልፍ የያዘ ሰው፣ የሥራ ሰዓት።

ወዳጄ ቢሮውን ከልደታ ወደ ሳሪስ አዛውሯል። ፋይል ከቆመ ወዲህ ሥራው ቀንሷል፤ አሁን የንግድ ፈቃድና የትምህርት ማስረጃ ነው የሚተረጉመው። አልፎ አልፎ ግን በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ወረቀት ይመጣለታል። ልጆቹ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ። ባለፈው አንዱን ይዞ ሲቸገር አገኘሁት። ልጁ ደብዳቤውን «ለወለደችኝ እናት» ብሎ ነው የጀመረው፤ እዚያ አገር ሁለቱን እናቶች ለመለየት እንዲህ ይባላል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ እናትየዋ ጆሮ ላይ የወቀሳ ቃና ይኖረዋል፤ «ወላጅ እናት» ቢባል የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስላል። «ውድ እናቴ» ቢል ደግሞ ልጁ ያላለውን ማለት ሆነበት። ከዚያ በታች ያሉት ሦስት ጥያቄዎች ቀላል ነበሩ። የተወለድኩት ቀን ዝናብ ነበር ወይ፣ ወንድም አለኝ ወይ፣ የላክናቸው ፎቶዎች ደርሰውሻል ወይ።